የመዶሻ ኦርኪድ በፐርዝ ደቡብ አሸዋ ላይ፤ ነቅዬ ላድናት ወይስ እዚያው ልተዋት?

ነዋሪ ከፐርዝ — ነሐሴ 12

ሰላም ለመድረኩ አባላት፤ እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው በምዕራብ አውስትራሊያ፣ በፐርዝ ከተማ ነው። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ የሚገርመኝ ዝናቡ ከአገር ቤት ክረምት ጋር በአንድ ሰሞን መምጣቱ ነው። ዋናው ዝናብ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ይጥላል፤ መስከረም ሲጠባ ሜዳው አበባ ይለብሳል። አደይ አበባ ባይኖርም በዘመን መለወጫ ሰሞን ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ መዞር ልማድ ሆኖብኛል።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከከተማው በስተ ደቡብ ወደገዛው መሬት አብረን ሄድን። መሬቱ ከባሕሩ ብዙም አይርቅም። መካከሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ በበጋ ደርቆ አሸዋው ይነጣል። በውኃው ዳር ስፒርዉድ የሚሉት ቀጫጭንና ቀጥ ያለ ግንድ ያለው ቁጥቋጦ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ስገባ፣ ሣር በሌለበት፣ የመሶብ ክዳን በሚያህል ራቁት አሸዋ ላይ፣ ልብ የመሰሉ ትንንሽ ቅጠሎች መሬቱ ላይ ተለጥፈው አየሁ። የእያንዳንዷ ስፋት ከአውራ ጣቴ ጥፍር እምብዛም አይበልጥም። ቀለሟ ደማቅ አረንጓዴ ነው፤ ቅቤ የተቀባች ያህል ታብለጨልጫለች። አንዷ ተክል ያላት አንድ ቅጠል ብቻ ነው። ተንበርክኬ ስቆጥር 19 ደረሱ።

ቤት ተመልሼ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነገሩ ባለ አብለጭላጭ ቅጠል የመዶሻ ኦርኪድ፣ በሳይንሳዊ ስሟ ድራኬያ ኢላስቲካ፣ መሰለኝ። የሚያሳስበኝ ባልደረባዬ በመጪው በጋ ያንን ቁጥቋጦ መንጥሮ መጋዘን ሊሠራበት ማሰቡ ነው። ስለዚህ ከነአፈራቸው በማንኪያ እያነሣሁ የአበባ ሸክላ ውስጥ አዛውሬ በረንዳዬ ላይ ላቆያቸው አሰብኩ። በዚህ ልምድ ያላችሁ ሰዎች ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

ዕፅዋት ወዳድ ከሜልበርን — ነሐሴ 13

ወንድሜ፣ እባክዎ ማንኪያውን ያስቀምጡት። አሳብዎ ከቅንነት የመጣ ስለሆነ የምጽፈው ልወቅስዎ አይደለም፤ ነገር ግን ያቺ ተክል በእርግጥ ያሏት ከሆነች፣ በአውስትራሊያ የ1999 (እ.ኤ.አ.) የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል የተመዘገበች ናት። በምዕራብ አውስትራሊያ ሕግም ቢሆን ያለ ፈቃድ እርሷን መንቀል፣ በግል መሬት ላይ ብትበቅል እንኳ፣ ክልክል ነው።

አስቀድመን ማንነቷን እናጣራ። የመዶሻ ኦርኪዶች 10 ዝርያ ናቸው፤ አሥሩም ከደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ ውጭ በዓለም ላይ የትም አይበቅሉም። አብዛኞቹ ልብ መሰል ቅጠላቸው ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። እርስዎ የገለጹት የቅቤ ዓይነት ማብለጭለጭ ኢላስቲካን ከዘመዶቿ የሚለያት ዋና ምልክት ነው። የትንኝ ኦርኪድ የሚባሉትም መሬት ላይ የሚተኛ ልብ መሰል ቅጠል አላቸው፤ የእነርሱ ግን ሳሳ ያለ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ሰፋ ይላል፣ ቦታውን እንደ ምንጣፍ ተያይዘው ይሸፍኑታል። እርስዎ ያዩት ራቁት አሸዋ ላይ አንድ አንድ ብለው የተበታተኑ ከሆነ ግምትዎ ትክክል ሊሆን ይችላል።

አበባዋ እስኪወጣ ፎቶግራፍ ያንሡ፣ ቦታውን በትክክል መዝግበው ይያዙ፤ ነገር ግን ይህ መድረክ ላይም ሆነ ሌላ ቦታ መገኛውን አይጻፉ። የኦርኪድ ሌቦች የሚያነብቡት እኛ የምናነብበውን ነው።

ፈቃደኛ ከፍሪማንትል — ነሐሴ 14

እኔ እዚሁ ፐርዝ አካባቢ አረም በመንቀል የዱር መሬት ከሚጠብቁ ፈቃደኞች ጋር ዓመታት ሠርቻለሁ። ተክሏን ከቦታዋ ነጥሎ ማየት ስለማይቻል ስለ ቦታው ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

ፐርዝ የተቀመጠበት የስዋን ጠረፋማ ሜዳ በአመዛኙ አሸዋ ነው፤ አሸዋውም በሦስት ዘመን ነፋስ የከመረው ነው። ከባሕሩ አጠገብ ያለው ኩዊንዳለፕ የሚባለው አዲሱ ነው። ከእርሱ በስተ ምሥራቅ ቢጫ አሸዋ ያለው ስፒርዉድ ይከተላል፤ ስሙ ከቁጥቋጦው ጋር አንድ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ባሰንዲን የተባለው እጅግ አሮጌው ይገኛል። የባሰንዲን አሸዋ ለዘመናት በዝናብ እየታጠበ ንጥረ ነገሩ ስላለቀ የነጣና ግራጫ የሆነ ነው። በክምሮቹ መካከል ያሉት ዝቅተኛ ቦታዎች በክረምት የከርሰ ምድሩ ውኃ ከፍ ሲል ረግረግ ይሆናሉ፤ በበጋ ውኃው ወርዶ ይደርቃሉ። ኢላስቲካ የምትወደው ልክ የዚህን ረግረግ ጠርዝ ነው። ውኃው የሚተኛበት ውስጥ አትገባም፣ ከደረቁ ኮረብታም ላይ አትወጣም። በሰሜን ካታቢ ከተባለው ቦታ በደቡብ እስከ በሰልተን አካባቢ ድረስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሚዘልቅ መሬት ላይ ብትገኝም፣ በዚያ ሁሉ ርቀት መካከል ያሏት ቦታዎች ጥቂትና የተበጣጠሱ ናቸው፤ አብዛኛው መሬት መንደርና የግጦሽ ሜዳ ሆኗል።

አሁን ወደ ሸክላው ልምጣ። የኦርኪድ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ስለሆነ እንደ ጤፍ ወይም እንደ ስንዴ የራሱን ስንቅ ይዞ አይወጣም። አፈር ውስጥ ካለ ተስማሚ ፈንገስ ጋር ካልተገናኘ አይበቅልም፤ ከበቀለም በኋላ ከፈንገሱ ጋር ተቆራኝቶ ይኖራል። የመዶሻ ኦርኪዶች የሚቆራኙት ቱላስኔላ ከሚባለው ወገን ከጥቂት ፈንገሶች ጋር ብቻ ነው። በማንኪያ ሲያነሷት ከእርሷ ጋር የሚመጣው የፈንገሱ ቁራጭ ነው። በረንዳ ላይ ውኃ በዛባት ማለት ትበሰብሳለች፤ በበጋ ካልደረቀች ደግሞ ከመሬት በታች ያለችው ትንሽ ድንች መሰል ሥሯ አታርፍም። አንድ ክረምት ቅጠሏን ብታሳይዎት እንኳ ዳነች ማለት አይደለም።

ንብ አናቢ ከጎጃም — ነሐሴ 14

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ስለ አበባ ሲወራ ዝም ማለት ስለማልችል ነው። ንቦቼ ክረምቱ ሲወጣ ከአደይ አበባ ላይ አይጠፉም፤ የአበባ ዱቄቱን በእግራቸው ጠቅልለው ሲገቡ በዓይኔ አያለሁ። ይህች አበባ ስሟ ከመዶሻ ጋር መያያዙ አስገርሞኛል። ንብ ትቀስማታለችን? ማር ይኖራታልን? ከሌላትስ በምን ትራባለች? የሚያውቅ ቢያስረዳኝ።

የሥነ ሕይወት መምህር ከባሕር ዳር — ነሐሴ 16

ጥያቄዎ የነገሩን እምብርት የነካ ነው። ማር የላትም። ንብንም የሚስብ ነገር የላትም። ያላት አንዲት ተርብ መምሰል ብቻ ነው።

በአውስትራሊያ ታይኒድ የሚባሉ ተርቦች አሉ። የሴቷ ሰውነት ክንፍ አልባ ስለሆነ አብዛኛውን ዕድሜዋን ከመሬት በታች የጢንዚዛ እጭ ስትፈልግ ታሳልፋለች፤ እንቁላሏንም በእጩ ላይ ትጥላለች፤ ልጇ እጩን እየበላ ያድጋል። ለመራባት ስትፈልግ ወደ ላይ ወጥታ የሣር ወይም የእንጨት ጫፍ ላይ ትቀመጥና ሽታ ትለቅቃለች። ክንፍ ያለው ወንድ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል፤ ሳያርፍ ይይዛትና አንሥቶ ይበራል። በበረራው ላይ ይራባሉ፤ ምግብ ወዳለበት አበባም የሚያደርሳት እርሱ ነው።

ኦርኪዷ የምትጠቀመው ይህንን ልማድ ነው። ከሦስቱ የአበባዋ ቅጠሎች አንዷ፣ ከንፈር የምትባለው፣ የተነፋች፣ ጥቁር ቀይና እባጭ ያለባት ስትሆን ሴቷን ተርብ በመጠንም በመልክም ትመስላለች። ከንፈሯ የተሰቀለችው በቀጭን ክንድ ጫፍ ነው፤ በክንዱ መካከል እንደ ሰው ክርን የሚታጠፍ መገጣጠሚያ አለ። ወንዱ ከንፈሯን ሴት መስላው ይዞ ለመብረር ሲነሣ ክንዱ ክርኑ ላይ ይታጠፋል፤ በራሱ ግፊት ተገልብጦ ጀርባው የአበባው አምድ፣ ማለትም ወንዴና ሴቴ ክፍሎቿ ተዋሕደው የቆሙበት ክፍል፣ ላይ ይመታል። የአበባ ዱቄቱ እንደ ሙጫ ባለ ነገር ተያይዞ የተጠቀለለ ስለሆነ ጀርባው ላይ ይጣበቃል። በሌላ አበባ ዳግም ከተታለለ ያንኑ ዱቄት ለዚያኛዋ ያደርሳል። የመዶሻነቷ ምሥጢር ይኸው ነው፤ የሚመታው መዶሻ ግን ራሱ ተርቡ ነው። እያንዳንዱ የመዶሻ ኦርኪድ የራሱን ተርብ ይጠራል፤ የኢላስቲካ ተርብ ዛስፒሎታይነስ ጊሌሲ ይባላል።

ዋናው ማታለያ መልኳ ሳይሆን ሽታዋ ነው። በዚሁ ወገን ድራኬያ ሊቪዳ በተባለችው ላይ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ተርቡን የሚጠራው ሽታ ፓይራዚን ከሚባሉ ኬሚካሎች የተሠራ መሆኑን አሳይቷል። የፓይራዚን ቤተሰብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቡና ሲቆላ ቤቱን የሚያውደው መዓዛ ውስጥ ከዚህ ቤተሰብ የሆኑ ብዙ ኬሚካሎች አሉ። ተርቡን የሚጠሩት ከቡናው ጋር አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ቤተሰቡ አንድ ነው።

ነዋሪ ከፐርዝ — ነሐሴ 18

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ማንኪያውን አስቀምጫለሁ። ነገር ግን ልቤ አልረጋልኝም። ዶዘሩ መምጣቱ ካልቀረ፣ ሸክላ ውስጥ የመትረፍ ጥቂት ዕድል ከዶዘር ሥር ከመሞት አይሻልምን? ከዚህም ሌላ እኔ ያነበብኩት የመዶሻ ኦርኪዶች ፈንገስ ከኦርኪዶቹ ይልቅ በብዙ ቦታ የሚገኝ እንደሆነ ይናገራል። ፈንገሱ በየቦታው ካለ ተክሏን ሌላ ቦታ ወስዶ መትከል ለምን ይከብዳል? ለመከራከር ሳይሆን ለመረዳት ነው የምጠይቀው።

አትክልተኛ ከአዲስ አበባ — ነሐሴ 19

እኔም የነዋሪውን ጥያቄ እጋራለሁ። የምተዳደረው ችግኝ በማፍላት ነው። ኦርኪድ በመስታወት ውስጥ ከዘር ማብቀል በዓለም ላይ የታወቀ ሥራ ነው፤ በየአበባ መደብሩ የሚሸጡት በዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው። የአገራችን ሜዳ ኦርኪዶችም፣ ሃቤናሪያና ሳቲሪየም የሚባሉት፣ በክረምት ከሥራቸው ወጥተው አብበው በበጋ መሬት ውስጥ ይተኛሉ፤ ጠባያቸው ከዚህችኛዋ ጋር ይመሳሰላል። አንድ ተክል ያለው መኖሪያ ሊጠፋ ሲል እጅን አጣጥፎ ሕጉን መጥቀስ ብቻ በቂ አይመስለኝም። ዘሯን ሰብስቦ ማራባት ቢቻል ስለ ምን ይከለከላል?

ፈቃደኛ ከፍሪማንትል — ነሐሴ 21

የሁለታችሁም ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በቁም ነገር ልመልስ።

የምትሉት ሥራ እየተሠራ ነው። በፐርዝ ኪንግስ ፓርክ በተባለው የዕፅዋት ማዕከል የሚገኙ ተመራማሪዎች የዱር ኦርኪዶችን ፈንገስ ከሥራቸው ለይተው፣ በቤተ ሙከራ አባዝተው፣ ዘሩን ከፈንገሱ ጋር በማብቀል ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። ስለዚህ አትክልተኛው ማብቀል ይቻላል ማለታቸው እውነት ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። በመደብር የሚሸጠው ኦርኪድ ሰው ሸክላ ላይ እያጠጣ ያኖረዋል። ኢላስቲካን ወደ ዱር የሚመልስ ሰው ግን ሦስት ነገር በአንድ ቦታ ማግኘት ይኖርበታል፦ ፈንገሱ፣ የክረምቱ ውኃ በትክክለኛው ጥልቀት ላይ የሚገኝበት ራቁት አሸዋ፣ እንዲሁም ተርቡ። ፈንገሱ ሰፊ ነው ያሉት ትክክል ነው፤ በጥናትም ታይቷል። ይህ የሚነግረን ግን የጎደለው ነገር ሌላ መሆኑን ነው።

ተርቡን ያስቡ። ተርቡ እንዲኖር ሴቷ እንቁላል የምትጥልበት የጢንዚዛ እጭ ያስፈልጋል፤ እጩ እንዲኖር ሥሩን የሚበላው ተክል ያስፈልጋል፤ ወንዱ እንዲበር ማር ያለው አበባ በአካባቢው ያስፈልጋል። በረንዳ ላይ ያለች ኢላስቲካ ብታብብም ልጅ አትወልድም።

ውኃውን ደግሞ ያስቡ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ በደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ የቀዝቃዛዎቹ ወራት ዝናብ 15 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ፐርዝ ከምትጠጣው ውኃ ቀላል የማይባለውን ድርሻ የምታወጣው ከምድር በታች ስለሆነ በብዙ ቦታ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወርዷል። በፊት በክረምት ረግረግ የነበረ ቦታ አሁን እርጥበት ብቻ የሚይዝበት አለ። እንግዲህ ኢላስቲካ ያለችበት እያንዳንዱ ቦታ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ከነበረው ይልቅ ዛሬ ዋጋው የከበረ ነው። በዚሁ ሜዳ ላይ የነበረው ባንክሲያ የተባሉት ዛፎች ደን እንኳ ብዙው ተመንጥሮ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደ አንድ የዕፅዋት ማኅበረሰብ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ተመዝግቧል።

ስለ ዶዘሩ የምመክርዎት ይህን ነው። የምዕራብ አውስትራሊያ የብዝኃ ሕይወት፣ ጥበቃና መስህቦች መሥሪያ ቤት ሥጋት ላይ ያሉ ተክሎች ሲገኙ የሚሞላ ቅጽ አለው። ከባልደረባዎ ጋር ተነጋግረው በፈቃዱ አብራችሁ ሙሉት። በስተ ጀርባው ካደረጉት ወዳጅነታችሁም መሬቱም ይጎዳል። ሌላም ልጨምር፤ ወደ ቦታው ስትሄዱ የጫማችሁን ጭቃ አራግፋችሁ አጽዱ። ፋይቶፍቶራ የተባለው ሥር አበስባሽ በሽታ ባንክሲያውን የሚገድለው በጫማና በጎማ እየተጓጓዘ ነው።

ነዋሪ ከፐርዝ — መስከረም 27

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ያለፉትን ሳምንታት ዝም ያልኩት የምነግራችሁ ነገር እስኪኖረኝ ነው።

ባልደረባዬን አነጋገርኩት። መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፤ መሬቱን የገዛው ዕድሜውን ሙሉ ባጠራቀመው ገንዘብ ስለሆነ አልፈረድኩበትም። ከዚያ ግን ና እይ ብዬ ወሰድኩት፤ ጎንበስ ብሎ ከቁጥቋጦው ሥር ሲገባ፣ ቅጠሎቹን ሲያይ፣ ጎልማሳው ሰውዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ። ቅጹን አብረን ሞላን። ሁለት ባለሙያዎች መጥተው በየቅጠሉ አጠገብ ቀጭን ምልክት እያቆሙ ቆጠሩ፤ እኔ 19 ያልኩት 31 ሆኖ ተገኘ። 12ቱን ሳላያቸው በአጠገባቸው ተንበርክኬ ነበር፤ አንዷንም ረግጬ ሊሆን ይችላል። እስካሁን ያሳዝነኛል።

ከ31ዱ ያበቡት 4 ብቻ ናቸው። እንጨቷ ቀጭን ናት፤ ከእጅ ክንድ ታንሳለች፤ ከሩቅ ሲያዩአት የደረቀ ጭራሮ እንጂ አበባ አትመስልም። ቀረብ ስል ጫፏ ላይ ያቺ ጥቁር ቀይ ከንፈር ተንጠልጥላ ነፋሱ ትንሽ በነካት ቁጥር ክርኗ ላይ ከፍ ዝቅ ትላለች። መምህሩ ያሉትን ቀድሜ ባላነብ ኖሮ እንጨት ላይ የተሰካች የሞተች ነፍሳት መስላኝ አልፌያት እሄድ ነበር።

ዕፅዋት ወዳድ ከሜልበርን — መስከረም 28

ደስታዬ ወሰን የለውም። አሁን ስሟንም ማወቅ ይገባዎታል። የወገኑን ስም ድራኬያ ብሎ ያወጣው እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጆን ሊንድሊ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1840 ገደማ፣ ፐርዝ ያለችበት የስዋን ወንዝ ቅኝ ግዛት ከተቆረቆረ 10 ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። ስያሜው ለሣራ አን ድሬክ ክብር ነው። ሚስ ድሬክ ለሊንድሊ ጽሑፎች ከአሥር ዓመት በላይ ዕፅዋትን የሣለች ሴት ነበረች፤ ከ1,000 የሚበልጡ ሥዕሎቿ ታትመዋል። ኢላስቲካ የሚለው ደግሞ የምትለጠጥ፣ የምትመለስ ለማለት ነው፤ ነፋስ ሲነካት ያዩትን ነው የሚገልጸው። በእንግሊዝኛ ከሚጠሯት ስሞች አንዱ የምትጸልይ ድንግል ማለት ነው። ይህን ስም ከሌላው ሁሉ እወደዋለሁ።

ከሊንድሊ በፊት ግን ቦታው ባለቤት ነበረው፤ ዛሬም አለው። የዚህ ምድር ነባር የሆነው የኑንጋር ሕዝብ ዓመቱን በስድስት ወቅት ይከፍለዋል። ቅጠሉን ያዩበት ጂልባ ነው፤ አሁን የገባንበት ካምባራንግ የአበባ ወቅት ነው። ያ ቀጥ ያለ ቁጥቋጦም ስፒርዉድ የተባለው እንጨቱ ለጦር ዘንግ ያገለግል ስለነበር ነው።

ነዋሪ ከፐርዝ — ጥቅምት 15

ትናንት አየሁት። የሆነውን እንደሆነው ልጻፍላችሁ።

ጧት ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ከአበባዋ ሁለት እርምጃ ርቄ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ምንም አልመጣም። ጉንዳን እንጨቷን ወጥታ ወረደች። ከቁጥቋጦው ማዶ ውኃው ሸሽቶ ጭቃው መሰንጠቅ ጀምሯል። ልነሣ ስል አንድ ጥቁር ተርብ በነፋሱ ተቃራኒ ግራና ቀኝ እየተወላገደ፣ ከመሬት ጉልበት በማይሞላ ከፍታ፣ ቀጥታ ወደ አበባዋ መጣ። አላረፈም። ከንፈሯን በእግሮቹ ጨበጠ፤ ወዲያው ክንዷ ታጥፎ ተርቡ ተገለበጠ፤ ጀርባው ከአምዱ ጋር ሲጋጭ አየሁ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ለቅቋት ሄደ። ከመጣበት እስከ ሄደበት ድረስ አሥር ሰከንድ የሚሞላ አይመስለኝም። ጀርባው ላይ ቢጫ ነገር ተጣብቆበት ነበር፤ ይዞት የመጣው ይሁን ከዚህ የወሰደው ለመለየት ዓይኔ አልቻለም።

ቦታው ላይ ግማሽ ሰዓት ጨምሬ ቆየሁ። አልተመለሰም።

ንብ አናቢ ከጎጃም — ጥቅምት 15

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ያየሁት ያህል ሆነልኝ። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል፤ ንብ አንድ አበባ ላይ ማር ካገኘች ተመልሳ ትመጣለች፣ ጓደኞቿንም ትጠራለች። ይህ ወንድ ተርብ ምንም ሳያገኝ ከሄደ ዳግም እንዴት ይታለላል?

የሥነ ሕይወት መምህር ከባሕር ዳር — ጥቅምት 17

ነዋሪው አልተመለሰም ያሉት መልሱን ይዟል። በመዶሻ ኦርኪዶች ላይ በተደረገ ጥናት ወንዱ አንዴ ከተታለለበት ቦታ ለተወሰነ ጊዜ እንደሚርቅ ታይቷል። አበባዋ የተተከለችበትን ሥፍራ ይሸሻል፤ ሽታውን ግን መቋቋም ስለማይችል ሌላ ቦታ ሲያገኘው ዳግም ይሄድበታል። ይህ ለኦርኪዷ ይጠቅማታል፤ ዱቄቷ እዚያው ከራሷ ጋር ከመደባለቅ ይልቅ ራቅ ወዳለች ሌላ ተክል ይደርሳል። ነገር ግን ራቅ ያለችው ተክል መኖር አለባት። በመካከላቸው ያለው ቁጥቋጦ ተመንጥሮ ቦታዎቹ ሲራራቁ የሚበጠሰው ይህ ጉዞ ነው።

ነዋሪ ከፐርዝ — ኅዳር 20

ባልደረባዬ መጋዘኑን በላይኛው በኩል፣ ቀድሞ ከብት በተሰማራበትና አረም በወረረው ሜዳ ላይ ሊሠራው ወስኗል። የመንገዱ ወጪ ይጨምርበታል፤ ሒሳቡን አብረን ተቀምጠን ሠራነው። በቁጥቋጦው በኩል ሽቦ አጥሮ ጥንቸል እንዳይገባ የታችኛውን ጠርዝ አሸዋ ውስጥ ቀብሮታል፤ እኔም ቬልት የሚባለውን አረም ሣር በእጄ እየነቀልኩ ረድቼዋለሁ። ባለሙያዎቹ በሚቀጥለው ክረምት ተመልሰው እንደሚቆጥሩ ነግረውናል።

ከአራቱ አበቦች ሦስቱ ደርቀው ወደቁ። ተርቡ የመጣባት ግን ከአበባዋ በታች ያለው ክፍል አብጦ እንቡጥ መሰለ። ዛሬ ስሄድ ደርቆ በጎኖቹ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። ትንሽ ነፋስ ሲመጣ ከስንጥቁ ጢስ የሚመስል ነገር ወጣ፤ ጥቁር ሹራብ ለብሼ ስለነበር እጅጌዬ ላይ አረፈ። ዱቄት ነው የሚመስለው፤ አንዱን ፍሬ ከሌላው መለየት አይቻልም። እጅጌዬን ራቁቱ አሸዋ ላይ ቀስ ብዬ አራገፍኩት።

ቅጠሎቹ ሁሉ ጠፍተዋል፤ አሁን እዚያ ምንም ያለ አይመስልም። በሰኔ ዝናቡ ሲገባ ቆጥሬ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።